በረንዳ ላይ ያለው እሬት፦ ለየትኛው ቁስል ይሆናል፣ ለየትኛው አይሆንም?

ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ በሆነችው በናታኒያ፣ በየበረንዳውና በየሕንጻው ግቢ እሬት ተተክሎ ማየት የተለመደ ነው። በዕብራይስጥ «አሎቬራ»፣ በትግርኛ «ዕረ» ይባላል። ከጎንደርና ከትግራይ ለመጡ እናቶችና አባቶች ተክሉ እንግዳ አይደለም። ጡት አልተው ያለ ሕፃን እንዲጥል እናት ጡቷን እሬት ትቀባ ነበር። ኑሮ የከበደውም ሰው ዛሬም ድረስ «እንደ እሬት መረረኝ» ይላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ40 በላይ የእሬት ዓይነቶች ይበቅላሉ። በእስራኤል በየሱቁ የሚሸጠው ግን ከዐረብ ምድር የተገኘው ዘር ነው። ስለዚህ ድሮ በአገር ቤት የሚታወቀውና አሁን በረንዳ ላይ ያለው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ከዚህ የባሰው ስህተት ደግሞ አለ። በእስራኤል ግቢዎችና መንገድ ዳር የቃጫ ዘመዶችም ይተከላሉ፤ ሲያዩዋቸው እሬት ይመስላሉ። የእነሱ ፈሳሽ ቆዳን ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ውኃም ያስቋጥራል። መለያው ቀላል ነው፦ የእሬት ቅጠል በእጅ ሲሰበር ቶሎ ይቆረጣል፣ ውስጡም ልጥ የለውም። የቃጫው ግን ጠንካራ ነው፤ ገመድ የሚሆን ክር አለው፣ ጫፉም እንደ ወስፌ ይወጋል። ከመንገድ ዳር ያልታወቀ ቅጠል ቆርጦ ቆዳ ላይ ማድረግ አይገባም።

እውነተኛው እሬትም ቢሆን ሁለት ፈሳሽ አለው። ከልጡ ሥር ያለው ቢጫው መራራ ነው፤ ሆድ ያስቀምጣል፣ ቆዳም ሊቆጣ ይችላል። መሐል ያለው ነጭ ዝልግልግ ግን አብዛኛው ውኃ ነው፤ ለቆዳ የሚፈለገውም እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባሳተመው የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ ሁለቱን ለየብቻ ነው ያስቀመጣቸው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ደግሞ በ2002 ቢጫው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሆድ ማስቀመጫ እንዳይሸጥ አግዷል። የልብ መድኃኒት ወይም የሽንት ክኒን የሚወስዱ አዛውንት በተለይ እንዳይጠጡት።

ታዲያ እንዴት ይሠራበት? ወፈር ያለውን የታች ቅጠል ከሥሩ ቆርጦ፣ ቢጫው እንዲወርድ ሩብ ሰዓት ያህል ማቆም። ከዚያ ማጠብ፣ ልጡን መግፈፍ፣ ነጩን ብቻ መውሰድ። መጀመሪያ ክንድ ላይ ትንሽ ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ነው፤ ካሳከከ ወይም ከቀላ ይቅር።

ነጩ ለደረቀ ቆዳ፣ ፀሐይ ለመታው ፊትና ለቀላል ቃጠሎ ይረዳል። ፀሐይን ግን አይከላከልም፤ ናታኒያ ባሕር ዳር የሚቀመጥ ሰው ባርኔጣውን አይተው። እሳት ወይም የፈላ ውኃ ሲያቃጥል ቅድሚያ ለቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ነው፤ 20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ያስፈልጋል። ቅቤም በረዶም አይደረግበት። ቃጠሎው ሰፊ ወይም ጥልቅ ከሆነ ወደ 101 መደወል ነው።

ትልቁ አደጋ ያለው እግር ላይ ነው። ድሮ በአገር ቤት እምብዛም የማይታወቅ የነበረው የስኳር በሽታ እዚህ በማኅበረሰቡ ውስጥ ተስፋፍቷል። ስኳር የእግርን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ ቁስሉ አያምም። እሬት የተቀባ ቁስል ላዩ የዳነ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሊመግል ይችላል፤ በመዘግየት እግር እስከ መቆረጥ ይደረሳል። በ1991 የታተመ አንድ ጥናትም በቀዶ ሕክምና ቁስል ላይ እሬት መቀባት መዳኑን እንዳዘገየ አሳይቷል። ስለዚህ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ላይ ትንሽ ቁስል ሲያይ እሬት ሳይቆርጥ ያኑኑ ቀን ወደ ኩፓት ሆሊም ነርስ መሄድ አለበት።

እዚያም ሲደርሱ «እሬት ቀብቻለሁ» ማለት አያሳፍርም። ሐኪሙ ማወቅ ያለበት ነገር ነው። ቋንቋው ካስቸገረ፣ የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የሕክምና ተቋማት በአማርኛም የማስተርጎም አገልግሎት ማቅረብ ስላለባቸው፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ መጠበቅ የለም።