ሲበላሽ ለማን ይናገራል?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. በአሜሪካ ናይት ካፒታል በተባለው የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት ላይ የደረሰው ጥፋት ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ውሻው የጮኸው ጅቡ ሳይመጣ ነው። አዲሱ ፕሮግራም በ8 ኮምፒዩተሮች ላይ ሊጫን ሲገባው አንዱ ተዘሎ ቀረ። በዚያ ማለዳ፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት፣ ስሕተት መኖሩን የሚገልጹ 97 የኢሜይል መልእክቶች ለሠራተኞች ደረሱ። መልእክቶቹ የአደጋ ማስጠንቀቂያ እንዲሆኑ ታስበው የተሠሩ ስላልነበሩ ግን ልብ ያላቸው አልተገኘም። ገበያው ተከፍቶ 45 ደቂቃ ያህል ሲሆን ድርጅቱን ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያከስር ግዢና ሽያጭ ተፈጽሞ ነበር።

ይህ ታሪክ በድረ ገጽ አገልግሎት የሚሰጡ ፕሮግራሞችን ለሚሠሩና ለሚያሠሩ ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ከሰው ዓይን ርቆ ሌሊትና ቀን ያገለግላል። የደረሰበትን የሚያስታውቀውም ባለሙያዎች «ሎግ» በሚሉት መዝገብ ላይ በመጻፍ ነው።

መዝገቡ በመጀመሪያ ደረጃ ሊኖረው ይገባል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የ«ሲስሎግ» ደንብ መልእክቶችን ከ0 እስከ 7 በስምንት ደረጃ ይከፍላቸዋል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ነገሩ ይከብዳል። ስሕተት ቁጥር 3፣ ማስጠንቀቂያ ቁጥር 4 ነው። አንድ ተማሪ የከፈለው ገንዘብ ሳይመዘገብ ቢቀር ስሕተት ነው። የመረጃ ማከማቻው ሊሞላ ቢቃረብ ግን ሥራው ገና ስላልተቋረጠ ማስጠንቀቂያ ይባላል። ሁሉንም «ስሕተት» ብሎ የሚጽፍ ፕሮግራም በየሌሊቱ ያለ ምክንያት «ሌባ! ሌባ!» እንደሚል ዘበኛ ነው፤ እውነተኛው ሌባ የመጣ ለት የሚነሣለት አያገኝም።

ሁለተኛው ነገር አጻጻፉ ነው። «አንድ ችግር ደርሷል» ብሎ መጻፍ ካለመጻፍ አይሻልም። ሰዓቱ፣ ይሠራ የነበረው ሥራ፣ የጥያቄው መለያ ቁጥርና የውድቀቱ ምክንያት ተለይተው ይጻፉ። ምሥጢር ግን ከዚህ መዝገብ አይግባ። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ትዊተር ይባል የነበረው ድርጅት፣ የይለፍ ቃሎች በውስጥ መዝገቡ ላይ በግልጥ ተጽፈው በመገኘታቸው፣ 330 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎቹ የይለፍ ቃላቸውን እንዲለውጡ መክሯል።

ከሁሉ በላይ ግን መዝገቡ አንባቢ ይመደብለት። ከባድ ስሕተት ሲጻፍ ተረኛውን የሚቀሰቅስ ደወል ይኑር፤ ማስጠንቀቂያውንም በየማለዳው የሚመረምር ሰው በስም ይታወቅ። እንግዲህ ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ አዲስ ፕሮግራም ስትረከቡ «ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «ሲበላሽ ለማን ይናገራል? የሚሰማውስ ማን ነው?» ብላችሁም ጠይቁ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።