ብርዱ እየጠና ዓለም ሞቀች ማለት እንዴት ይሆናል?

ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2015 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኦክላሆማ እንደራሴ ጄምስ ኢንሆፍ በዋሽንግተን ከተማ በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንግግር ለማድረግ ሲነሡ፥ ከፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አንድ ድብልብል አመዳይ አውጥተው ለጉባኤው አሳዩ። አመዳዩ ከደጅ የተወሰደ መሆኑንና በውጭ ያለው ብርድ ለወቅቱ የማይገባ ጽኑ መሆኑን ከተናገሩ በኋላ፥ ወንበሩን ይዘው ጉባኤውን ይመሩ ወደነበሩት ባልደረባቸው ወረወሩት። የንግግራቸው ፍሬ ነገር፥ ሊቃውንት ያለፈው 2014 ዓ.ም. በመለኪያ ከታወቁት ዓመታት ሁሉ የሞቀ ነው ሲሉ አመዳዩ በደጃፍ ተከምሮ ይታያል የሚል ነበር። ኢንሆፍ በዚያን ጊዜ የምክር ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ስለነበሩ፥ ነገሩ በአገራቸው ብቻ ሳይወሰን በብዙ አገር ተሰማ፤ ክርክርም አስነሣ።

ነገሩን በሚዛን ለሚያይ ሰው፥ እንደራሴው ስለ ብርዱ የሰጡት ምስክርነት ሐሰት አልነበረም። በዚያ የብርድ ወራት በቦስተን ከተማ የወረደው አመዳይ ሲደማመር 281 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ፥ በከተማይቱ መዝገብ ከተጻፈው ሁሉ በለጠ። ጠዋት ተነሥቶ ከደጃፉ አመዳይ በአካፋ የሚጠርግ ሰው፥ ዓለም እየሞቀች ነው ሲሉት ቢደነቅ አይፈረድበትም። ክርክሩም በየጊዜው እየታደሰ የሚነሣው፥ የሰው ቆዳ የሚሰማው ብርድ ከሊቃውንት መዝገብ ይልቅ ቅርብ ስለሆነ ነው።

ዳሩ ግን በዚያው አገር በምዕራቡ ዳርቻ የታየው ነገር የተለየ ነበር። በካሊፎርኒያ፥ ሴራ ኔቫዳ በተባለው ተራራ ላይ በብርዱ ወራት የሚከማቸው አመዳይ የገበሬው የውሃ ጎተራ ነው፤ በጸደይ ቀስ በቀስ እየቀለጠ ወንዙንና ግድቡን ይሞላል፤ የአትክልቱና የፍሬው ማሳ የሚጠጣውም ከዚሁ ነው። ኤፕሪል 1 ቀን 2015 ዓ.ም. አመዳዩ ሲለካ የያዘው ውሃ ከወትሮው 5 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የአገሩ ገዥ ጄሪ ብራውንም በሌላ ዓመት አመዳይ በሚከመርበት፥ በዚያን ቀን ግን ደረቅ ሣር በታየበት መስክ ላይ ቆመው፥ የከተሞች የውሃ ፍጆታ በ25 በመቶ እንዲቀነስ አዘዙ። ብዙ ገበሬዎች ማሳቸውን ጦም አሳደሩ፤ ሌሎችም ጉድጓድ እያጠለቁ የከርሰ ምድር ውሃ ፈለጉ። ለካሊፎርኒያ ገበሬ የዚያ ዓመት መከራ የአመዳይ መብዛት ሳይሆን የአመዳይ መታጣት ነበር። የመላው ዓለም ልክ ሲደመር ደግሞ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ያው ሦስት ወር ከ1880 ዓ.ም. ወዲህ ከተለኩት አቻዎቹ ሁሉ የሞቀ ሆነ። እንግዲህ ያ ድብልብል አመዳይ ስለ አንዲት ከተማ እውነተኛ ምስክር ሲሆን፥ ስለ ዓለም መመስከር ግን የማይችል ነበር።

ይህ ለገበሬ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ገበሬ የዓመቱን ምርት አንዲት ዛላ ቆርጦ አይፈርድም፤ አጭዶ፥ ወቅቶ፥ በቁና ሰፍሮ፥ ካምና ከካቻምና ጋር ያስተያያል። የአንድ ቀን አየር እንደ ዛላዋ ነው፤ የአየር ንብረት ግን የብዙ ዓመት ስፍር ነው። በ2009 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት የአሜሪካን መዝገብ በዚህ ዓይነት ሰፍሮ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት ከቀድሞው ሁሉ በሙቀት የበለጡ ቀኖችና በብርድ የበለጡ ቀኖች ቁጥራቸው እኩል ለማለት ያህል ነበር፤ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት ግን ለአንዱ የብርድ ቀን የሙቀቱ ሁለት ሆነ። ብርዱ አልጠፋም፤ ድርሻው ግን አነሰ። እንደራሴው የተከራከሩበት 2014 ዓ.ም. ራሱ ብዙ ሳይቆይ በ2015፥ ቀጥሎም በ2016 ተበለጠ፤ 2024 ዓ.ም. ደግሞ እስከዚያ ድረስ ከተለኩት ሁሉ የሞቀ ሆነ።

ስሕተቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፥ ቀኑ ከወትሮው ሞቋል ብለው ያሰቡ ሰዎች የዓለምን መሞቅ ይበልጥ እንደሚያምኑ፥ ቀዝቅዟል ያሉት ደግሞ እንደሚጠራጠሩ አስረድቷል። ስለዚህ አንድ ቀን ፀሐይ ስለበረታች ዓለም ሞቀች ብሎ የሚጮህም፥ ብርድ ስለመጣ አልሞቀችም ከሚለው ጋር በአንድ ሚዛን ይመዘናል። በጃንዋሪ 2019 ዓ.ም. የቺካጎ ብርድ ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፥ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የዓለም ሙቀት ወዴት ሄደ፥ ቶሎ ይመለስ የሚል የቀልድ ቃል ጽፈው ነበር፤ በዚያው ወር አውስትራሊያ በመዝገቧ ከታወቁት ጃንዋሪዎች ሁሉ በሞቀው ትሠቃይ ነበር።

በሊቃውንትም መካከል ክርክር አለ፤ ነገር ግን የእነርሱ ክርክር ዓለም ሞቃለች ወይስ አልሞቀችም የሚል አይደለም። የሰሜን ዋልታ አካባቢ ካለፉት 40 ዓመታት ወዲህ ከዓለም አማካይ በአራት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ሞቋል። ጄኒፈር ፍራንሲስና ስቲቨን ቫቭረስ በ2012 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ ይህ ሙቀት በከፍተኛው አየር ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ አዝግሞ እንዲጠማዘዝ ስለሚያደርገው፥ የዋልታው ብርድ ወደ ደቡብ ወርዶ እንዲቆይ ምክንያት ሊሆን ይችላል አሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ኋላ የመጡትን ዓመታት መርምረው ግንኙነቱ ደካማ ነው ሲሉ ተቃወሙ። ይህ ገና ያልተቋጨ የሊቃውንት ጥያቄ ከአደባባዩ ክርክር ጋር ሲደባለቅ፥ ሊቃውንቱ በነገሩ ሁሉ እንዳልተስማሙ ተደርጎ ይወራል።

ክርክሩ ገበሬውን እስከ ጎተራው ድረስ የሚነካው ግን በሌላ በኩል ነው። በማርች 2012 ዓ.ም. በሚሺጋን አየሩ ከወቅቱ ቀድሞ ከ25 ዲግሪ በላይ ሞቀ፤ የፖምና የቼሪ ዛፎችም ጸደይ የገባ መስሏቸው እንቡጣቸውን ከፈቱ። በኤፕሪል ውርጭ ተመለሰ፤ ከአገሩ የፖም ምርት ከዐሥሩ እጅ ዘጠኙ ያህል ጠፋ። በኤፕሪል 2021 ዓ.ም. በፈረንሳይ የደረሰውም ከዚህ የሚመሳሰል ነው። የወይን ገበሬዎች ሌሊቱን በሙሉ በወይኑ ተራ መካከል በቆርቆሮ የተሞላ ሰም እያነደዱ ቢታገሉም፥ ብዙ ወይንና የፍራፍሬ ዛፍ ከመመታት አልዳነም። ሁኔታውን የመረመሩ ሊቃውንት የምድር መሞቅ በእንቡጥ ጊዜ እንዲህ ያለ ውርጭ የመምጣቱን ዕድል በ60 በመቶ ያህል እንደጨመረው ገመቱ። ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። የሞቀ የብርድ ወራት መጨረሻ ተክሉን አታልሎ ቀድሞ ያስነሣዋል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ውርጭ እንደ ድሮው ጽኑ ባይሆን እንኳ ለጋውን እንቡጥ ያገኘዋል። እንግዲህ ሙቀት መጣ ማለት ውርጭ ሄደ ማለት አይደለም።

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ ደጋ ገበሬም ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ክረምት የዝናም ወቅት ስለሆነ፥ ውርጭ የሚፈራው በበጋው፥ ይልቁንም ሰማዩ በጠራበት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ነው። ከ1960 እስከ 2006 ዓ.ም. የአገሪቱ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ያህል እንደጨመረና ቀዝቃዛ ሌሊቶችም እንዳነሱ ተመዝግቧል። ይህም ሆኖ ደመና በሌለበት፥ ነፋስም ባልነፈሰበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ለሰማይ ትለቃለች፤ የቀዘቀዘውም አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ በዝቅተኛው ቦታ ይተኛል። ስለዚህ በሸለቆ ግርጌ ያለ የባቄላ ማሳ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ሲያድር፥ ከተዳፋቱ ላይ ያለው የጎረቤት ማሳ ደኅና ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ አየሩ ሞቋል ሲባል ሰምቶ ባቄላውን፥ አተሩንና ድንቹን ዘግይቶ በረባዳው ቦታ አይዘራም፤ ውርጭ የሚፈራውን በተዳፋቱ፥ የሚችለውን በግርጌው ያደርጋል። ውሃ ያለው ሰው ውርጭ በሚጠረጠርበት ቀን አስቀድሞ ማሳውን ቢያጠጣ፥ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ስለሚያድር ጉዳቱን ይቀንስለታል። የችግኝ መደብንም ማታ በገለባ ሸፍኖ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መግለጥ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን መዝገብ ነው። በየዓመቱ የመጀመሪያው ዝናም የጣለበትን ቀን፥ ውርጭ የወረደበትን ሌሊትና የተመታውን ማሳ ማንበብና መጻፍ በሚችል ልጁ እጅ አስጽፎ የሚያኖር ገበሬ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአገሩ አየር ወዴት እንደሚያዘነብል ከራሱ ደብተር ያነባል፤ በአንድ ቀን ብርድም ሆነ በአንድ ቀን ሙቀት ተታልሎ ዘሩን አያጠፋም።