የደጋና የቆላ ፍልፈል

ከምጽዋ ተነሥቶ፣ የሰሜንን ተራሮች አቋርጦ ጎንደር የገባው፣ የአራዊትንና የአዕዋፍን ባሕርይ በመመርመር የታወቀው የፍራንክፈርቱ ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል፣ እ.ኤ.አ. በ1842 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ምድር የተገኙ ሁለት የፍልፈል ዓይነቶችን ለሊቃውንት ዓለም ሰየመ። አንደኛው በባሌ ተራሮች ውርጭ ውስጥ የሚኖረው፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ሊደርስ የሚችለው ግዙፉ የደጋ ፍልፈል ነው፤ ሁለተኛው በምሥራቁ ቆላ፣ እንዲሁም በሶማሊያና በኬንያ ደረቅ ምድር የሚገኘው፣ ጠጉር አልባው፣ ገላው የተሸበሸበው ትንሹ ፍልፈል ነው። ሁለቱም ከብርሃን ርቀው በጥርሳቸው መሬት እየፈለፈሉ ስለሚኖሩ፣ ላያቸው ሰው ወንድማማች ይመስሉታል። የዘር ሐረጋቸው ሲመረመር ግን የደጋው ለቤት አይጥ፣ የቆላው ለጃርት የቀረበ ዘመድ ሆኖ ይገኛል፤ የሁለቱ ነገድ ከተለያየም ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ አልፎታል።

አጥቢ ከሚባሉት የእንስሳት ዓይነቶች ሁሉ ከመቶ 40 ያህሉ የአይጥ ወገን ናቸው። የዚህ ወገን ማኅተም የፊት ጥርሱ ነው፤ ላይና ታች ጥንድ ጥንድ ሆነው የበቀሉት እነዚህ ጥርሶች እስከ ዕለተ ሞት ማደጋቸውን አያቋርጡም፤ ጠንካራው ልባስ በፊት ለፊታቸው ብቻ ስላለ፣ ኋላቸው ፈጥኖ ሲበላ ፊታቸው እንደ ጠራቢ መሮ ስለት እያወጣ ይሄዳል። ሁለቱ ፍልፈሎች ከየቅድመ አያቶቻቸው የወረሱት ይህንን አንድ መሣሪያ ነው፤ ከመሬት በታች የሚያኖረውን ሕይወት ግን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ፣ በብዙ ትውልድ ርዝመት፣ ለየብቻው አገኘው። የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ይህን የመሰለውን ነገር፣ ይኸውም ሩቅ ዘመዳሞች በአንድ ዓይነት ኑሮ ምክንያት ወደ አንድ መልክ መምጣታቸውን፣ ከዝግመተ ለውጥ ታላላቅ ምስክሮች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል።

ልዩነታቸው ግን ከመመሳሰላቸው ይልቅ ያስደንቀኛል። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በሳነቴ አምባ፣ የደጋው ፍልፈል ብቻውን ይኖራል። ምግቡ የሆነው ሣርና ቅጠል ከጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ስለሚገኝ፣ ብቅ ብሎ በአካባቢው ያለውን ያጭድና ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ ዓይኖቹም ወደ አናቱ ከፍ ብለው የተተከሉ ስለሆኑ፣ ገላውን ከጉድጓዱ ሳያወጣ ጠላቱን ለማየት ያስችሉታል። ጠላቱም ዕለት ዕለት የሚያደባበት ቀይ ቀበሮ ነው። ቁጥሩ ከ500 በታች እንደ ሆነ የሚገመተው ይህ ቀበሮ በባሌ የሚኖረው በአብዛኛው በፍልፈሉና በሌሎቹ የደጋ አይጦች ነው፤ ስለዚህ ቀበሮውን እንጠብቅ የሚል ሁሉ፣ ከብት እየበዛ የፍልፈሉን ሣር ሲጨርስበት ዝም ብሎ ሊያይ አይገባውም።

በቆላው ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። ጠጉር አልባው ፍልፈል የሚመገበው እዚህም እዚያም ተራርቆ የተቀበረ ሥራ ሥር ነው፤ መሬቱም ዝናም ካልጣለበት በቀር እንደ ድንጋይ የጠና ስለ ሆነ፣ ከ30 እስከ 40 ግራም ብቻ የሚመዝን አንድ ፍጥረት ለብቻው ቆፍሮ ምግብ ሳያገኝ በረኀብ ሊያልቅ ይችላል። ብዙ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ለማኅበር ኑሮ ያበቃው ይህ ችግር ነው። የኬፕ ታውኗ ሊቅ ጄኒፈር ጃርቪስ እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. እንደ ገለጸችው፣ ከሰባና ሰማንያ እስከ ሦስት መቶ ከሚደርሰው ማኅበር መካከል የምትወልደው አንዲት ንግሥት ብቻ ናት፤ ከጥቂት ወንዶች በቀር የቀሩት ሁሉ መሬት ሲምሱ፣ ምግብ ሲያመላልሱ፣ ግልገል ሲያሳድጉ ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ። ይህ በንብና በጉንዳን የታወቀው ሥርዐት በአጥቢ እንስሳ ላይ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበረ። ንግሥቲቱ ስትሞት እንስቶቹ ለመንበሯ እስከ ሞት ይዋጋሉ፤ አሸናፊዋም ከነገሠች በኋላ የጀርባዋ አጥንቶች እየረዘሙ፣ ብዙ ጽንስ ለመሸከም የሚችል ገላ ታበጃለች።

ብዙ ሆኖ በታፈነ ጉድጓድ መኖር አየሩን ያሳንሳል፤ ፍልፈሉም ለዚህ ተበጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. በታተመ ምርምር፣ ኦክሲጅን ፈጽሞ በሌለበት ቦታ 18 ደቂቃ ቆይቶ ከጥፋት እንደ ዳነ፣ በዚያም ጊዜ ሰውነቱ ፍሩክቶስ የተባለውን ስኳር ለልብና ለአንጎል ኃይል እንዳደረገ ተገለጠ። የቤት አይጥ ሦስት ዓመት ከኖረ ብዙ ነው፤ ይህ ግን ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል፤ የነቀርሳ በሽታም እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይገኝበትም።

የቤት አይጥ ሙሉ የዘር ጽሕፈት ረቂቅ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም.፣ የጠጉር አልባው ፍልፈል ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ታትሞ ስለ ነበር፣ ሁለቱን ማስተያየት ተቻለ። በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ቬራ ጎርቡኖቫና አንድሬይ ሴሉዋኖቭ በሕዋሳት መካከል የሚገኘው ሃያሉሮናን የተባለ ነገር በፍልፈሉ ገላ ውስጥ በጣም ረጅምና ብዙ ሆኖ እንደሚገኝ፣ ነቀርሳንም እንደሚከላከል እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. አስረዱ፤ ከ10 ዓመት በኋላም ይህን ነገር የሚያሠራውን ዘረ መል ከፍልፈሉ ወስደው በቤት አይጥ ላይ ተከሉት። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከተለየው ዘመዱ ርስት የተቀበለው አይጥ ነቀርሳው ቀነሰለት፤ የመካከለኛ ዕድሜው ልክም ከመቶ 4.4 ያህል ጨመረ።