ከሲዲ ፎር ማዶ

ከ20 ዓመት በፊት ገደማ፣ በየሆስፒታሉ የኤችአይቪ ክትትል ክፍል ደጃፍ ሰው በሹክሹክታ የሚጠያየቀው «ሲዲ ፎር ስንት ሆነ?» እያለ ነበር። ቁጥሩ ከ200 ከወረደ መድኃኒት ይጀመር ነበር። ያንን ቁጥር ያወጣ የነበረው ዘዴ ፍሎው ሳይቶሜትሪ ይባላል። ሲዲ ፎር ግን የአንድ ትልቅ ገበታ አንዲት ፊደል ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ፓሪስ ላይ የተጀመረው የነጭ የደም ሴል ምልክቶች ስያሜ ዛሬ ከ300 አልፏል። ከገበታው ብዙ ፊደል አገጣጥሞ ማንበብ ከሚጠይቁ ሕመሞች አንዱ አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኬሚያ ነው። ልጆችን ከሚይዙ ካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚታየውም እሱ ነው።

ሕፃኑ ይገረጣል፣ ትኩሳቱ አልበርድ ይላል፣ አጥንቱን ያመዋል፣ ገላው ያለ ምክንያት ይበልዛል። መቅኔው ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሊምፎብላስት የሚባሉ ለጋ ሴሎች ሞልተውታል። ከቢ ሴል ወገን ይሁኑ ከቲ ሴል በመልካቸው አይለዩም፤ አንዳንዴም ከማይሎይድ ሉኬሚያ ጋር ያምታታሉ። የሦስቱ ሕክምና ደግሞ አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው የፍሎው ሳይቶሜትሪው ሌዘር የሚገባው። በናሙናው ላይ፣ የተፈለገውን ምልክት ለይተው የሚጣበቁ አብሪ ቀለም የያዙ አንቲቦዲዎች ይጨመራሉ። ከዚያ ሴሎቹ በቀጭን የፈሳሽ ጅረት አንድ በአንድ ተሰልፈው፣ በሰከንድ በሺዎች እየሆኑ በሌዘሩ ፊት ያልፋሉ። የብርሃኑ አበታተን የሴሉን መጠንና የውስጡን ሸካራነት፣ ቀለሙ የተሸከመውን ምልክት ይናገራል። እያንዳንዱ ሴል ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ነጥብ ይሆናል።

ሲዲ19 ጎልቶ ከሲዲ22 ወይም ከሲዲ79ኤ ጋር ከተገኘ ወገኑ ቢ ነው። የቲ መለያ ሲዲ3 ነው፤ ነገር ግን ለጋው ሴል ብዙውን ጊዜ ሆዱ ውስጥ ስለሚይዘው ሽፋኑ ተበስቶ ይፈለጋል። ቲዲቲ የተባለው ምልክትና ሲዲ34 የሴሉን ለጋነት ይመሰክራሉ። ይህ መለያ ለስም ብቻ አይደለም፤ ብሊናቱሞማብ የተባለው መድኃኒት ዒላማው ያው ሲዲ19 ነው።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ሥራው ይከብዳል። በማይክሮስኮፕ ንጹሕ የተባለ መቅኔ ውስጥ ከ10,000 ሴል አንድ የተደበቀ የሉኬሚያ ሴል ይፈለጋል፤ ቀጣዩ ሕክምና ይጠንክር ወይስ ይብቃ የሚለውም በዚያ ይመዘናል። በሚያገግም ሕፃን መቅኔ ግን ጤነኛ ለጋ የቢ ሴሎችም ይበቅላሉ፤ እንደ ሉኬሚያው ሁሉ ሲዲ10 አላቸው። የሚለያቸው አቀማመጣቸው ነው፦ ጤነኞቹ ደረጃ በደረጃ ስለሚጎለምሱ ነጥባቸው እንደ እግር መንገድ ይጠመዘዛል፤ የታመሙት ካሉበት ሳይንቀሳቀሱ አንድ ቦታ ይከመራሉ። ይህን ለይቶ ማየት የዓመታት ልምድ ነው።

በአገራችን የሉኬሚያ ምርመራ ለረጅም ጊዜ ሸክሙን የጣለው በማይክሮስኮፕ ላይ ነው። ለሲዲ ፎር ብቻ ተብለው የተሠሩት መሣሪያዎች ለዚህ አይሆኑም። ሰፋ ያለ አቅም ያላቸውም ቢሆኑ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጥና ቀኑ የሚያልፍበት አንቲቦዲ ይሻሉ። ናሙናውም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካልደረሰ ሴሎቹ ይሞታሉ።

ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄም አለ፦ ናሙናውን ከዴክሳሜታዞን በፊት መውሰድ። ለትኩሳት ወይም ለእብጠት ተብሎ የሚሰጠው ይህ መድኃኒት ሊምፎብላስትን ቶሎ ይገድላል። መድኃኒቱ ከቀደመ፣ ውዱ ማሽን የሚጠብቀው ባዶ ገበታ ሊሆን ይችላል።