ጫት በአዋጅ ይከልከልን?

በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ ከቀረቡት ርእሶች አንዱ «ጫት በአዋጅ ይከልከል ወይስ አይከልከል» የሚል ነበር። ለእኔ ዕጣ የደረሰኝ «ይከልከል» ከሚለው ወገን ሲሆን፣ በዚያ ቀን ያሰማሁት ንግግር ብዙ ጭብጨባ አስገኝቶልኛል። ክርክሩንም ወገናችን አሸነፈ። ነገር ግን ከአዳራሹ ወጥቼ በቀጥታ የሄድሁት ወደ ገበያ ነበር። እናቴ ጫት ሻጭ ናትና ከትምህርት በኋላ እረዳታለሁ። የደብተሬና የዩኒፎርሜ ገንዘብ የሚገኘው ከዚያው ከጫቱ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ለፈተና ለማጥናት ብሎ በጀመረው ጫት ምክንያት ትምህርቱን አቋርጦ፣ ዛሬ ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ በበርጫ ላይ ያሳልፋል። እንግዲህ ያው አንዱ ቅጠል እኔን እያስተማረ ወንድሜን ከትምህርት ያስወጣ ስለ ሆነ፣ ጭብጨባው ብዙም አላስደሰተኝም። ስለዚህ ነገሩን ከክርክሩ ውጭ ሆኜ መርምሬ ያገኘሁትን ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጫት ሰውን የሚያነቃቃው በለጋው ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት ነው። ይህም ንጥረ ነገር ተለይቶ የታወቀው በ1975 ነው። ጠባዩ አምፌታሚን ከሚባለው መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን በጉንጭ ተይዞ ቀስ በቀስ ስለሚወጣ ሰውነትን የሚይዘው በዝግታ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደከመ ነገር ይለወጣል። ጫት በተቈረጠ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተቃመ ዋጋ የሚያጣው፣ የጫት መኪና ነጂዎችም መንገዱ የእነርሱ ብቻ ይመስል እንደዚያ የሚበሩት፣ የአወዳይ ገበያም ሌሊት የማይተኛው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚቅመው ሰው በመጀመሪያ ጨዋታው ይደምቃል፣ ሐሳቡ ይበዛል፤ ይህንንም ምርቃና ይሉታል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። በማግሥቱም ሐራራው ይመጣል። ወንድሜ በአንድ ሌሊት አንድ መጽሐፍ አንብቦ እንደሚጨርስ ይነግረኝ ነበር፤ ጧት ስጠይቀው ግን የሚያስታውሰው የምዕራፎቹን ርእስ ያህል ነበር።

በክርክራችን ላይ ተሳታፊዎቹ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ የደባለቅናቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንድን ዕፅ ሕጋዊ ማድረግ ማለት እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በግልጽ እንዲመረት፣ እንዲሸጥና ቀረጥ እንዲከፈልበት መፍቀድ ነው። የተጠቃሚውን ቅጣት ማንሣት ማለት ግን ከዚህ ይለያል፤ ሻጩ ወንጀለኛ እንደ ሆነ ይቀራል፣ ለራሱ ጥቂት የያዘው ሰው ግን እስር ቤት አይገባም። በአገራችን ሐሺሽ ፈጽሞ የተከለከለ ሲሆን፣ ጫት ሕጋዊ ነው፤ ወደ ውጭ አገር ተልኮም የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል።

ስለ መከልከል ሲነሣ እኛ የድሬዳዋ ልጆች ልናውቀው የሚገባን አንድ ታሪክ አለ። ዐደን በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት ዘመን፣ ሕዝቧ የሚቅመው ጫት አብዛኛው ከኢትዮጵያ፣ ከዚሁ ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ይሄድ ነበር። በ1957 የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ጫትን ከለከለ። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚሠራው በከተማዪቱ ወሰን ውስጥ ብቻ ነበር፤ የጎረቤቱ የላሕጅ ሱልጣን ግዛት አልከለከለም። ስለዚህ የዐደን ሰዎች ከቀትር በኋላ በመኪና እየተጫኑ ወሰኑን ተሻግረው በላሕጅ በኩል ሲቅሙ ውለው ማታ ይመለሱ ጀመር። መንግሥቱ ቀረጡን አጣ፤ የቃሚው ቤተ ሰብም ቀድሞ ከሚወጣበት የጫት ዋጋ ሌላ የመኪና ኪራይ ተጨመረበት። አባት ከቤት ርቆ የሚውልበት ሰዓትም ረዘመ እንጂ አላጠረም። በ1958 ክልከላው ተነሣ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ፣ በክርክሩ ላይ «አዋጁ በወጣ ማግሥት በርጫው ይበተናል» ብዬ የተናገርሁት ቃል ትዝ አለኝና አፈርሁ።

እንግሊዞች በራሳቸው አገር ደግሞ ጉዳዩን እንደ ገና አነሡት። እስከ 2014 ድረስ ጫት ከኬንያና ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ወደ ለንደን በሕጋዊ መንገድ ይገባ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2006፣ የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች ጫት በዓለም አቀፍ ቊጥጥር ሥር ሊገባ የሚያበቃው ጉዳት እንደሌለው ወስነው ነበር። በጥር 2013ም መንግሥት ራሱ ያቋቋመው የዕፅ አማካሪ ጉባኤ «በኅብረተ ሰብ ላይ ያደርሳል የሚባለው ጉዳት በቂ ማስረጃ የለውም፤ አይከልከል» ሲል መከረ። መንግሥቱ ግን ሌሎች የአውሮፓ አገሮች፣ በተለይም ኔዘርላንድስ፣ ስለ ከለከሉ እንግሊዝ የጫት መተላለፊያ ትሆናለች በማለት ምክሩን ሳይቀበል ቀረ። ከሰኔ 2014 ጀምሮም ጫት ወንጀል ሆነ። ይዞ የተገኘ ሰው መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛ ሲገኝ 60 ፓውንድ ይቀጣል፤ ሦስተኛ ሲሆን ይታሰራል። በእርግጥ የከለከሉት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ «ባሎቻችንን ጫት ወሰደብን» ብለው መንግሥትን የለመኑ የሱማሌ እናቶች በዚያ ነበሩ። እኔ እነርሱን ልወቅስ አልችልም፤ እናቴም ስለ ወንድሜ የምትለው ይህንኑ ነው፤ የምትለው ግን ጫቷን ውኃ እየረጨች ነው።

ቅጣትን ስለ ማንሣት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አገር ፖርቱጋል ነው። በዚያ በ1990ዎቹ ሄሮይን ብዙ ወጣት አጥፍቶ ነበር። ከሐምሌ 2001 ጀምሮ ለ10 ቀን የሚበቃውን ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ዕፅ ይዞ የተገኘ ሰው በፍርድ ቤት ፈንታ የሕግ፣ የጤናና የማኅበራዊ ኑሮ ዐዋቂዎች ወዳሉበት ኮሚሲዮን እንዲቀርብ ተደረገ። ሻጩ ግን እንደ ፊቱ ይታሰራል። በመርፌ ምክንያት በኤችአይቪ የሚያዙ ሰዎች ቍጥር በጣም ቀነሰ። በአሜሪካ የኦሬጎን ክፍለ ሀገርም በ2021 ተመሳሳይ ሕግ ሥራ ላይ አውሎ ነበር። በዚያ ግን ለተያዘው ሰው የሚሰጠው የ100 ዶላር መቀጫ ወረቀት ሲሆን፣ በስልክ ደውሎ ምክር ከጠየቀ መቀጫው ይቀርለታል። የደወለው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር፤ የሕክምናውም ገንዘብ ዘግይቶ መጣ። በመስከረም 2024 ቅጣቱ ተመለሰ። ሁለቱን ሳስተያይ፣ ልዩነቱ በቅጣቱ መነሣት ላይ ሳይሆን ቅጣቱ ከተነሣ በኋላ የሱሰኛውን እጅ የሚይዝ ሰው በመኖሩና ባለመኖሩ ላይ መሰለኝ።

ወደ እኛ ስመለስ፣ ጫት ቢከለከል ቀድሞ የሚታሰሩት እንደ እናቴ ያሉ ሴቶች፣ ማሳቸውን ሁሉ በጫት የሸፈኑት ገበሬዎችና እንደ ወንድሜ ያሉ ልጆች ናቸው። ወንድሜ ሲታሰር ሱሱ ይለቀዋል ብዬ አላምንም። ነገር ግን እንደ ቲማቲም ለማንም መሸጡ ትክክል አይደለም። በ2019 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮልና ትምባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል። በጫት ገበያ ግን ዕድሜ ሲጠየቅ አንድ ቀን እንኳ አይቼ አላውቅም፤ ወንድሜም ሲጀምር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ስለዚህ የምደግፈው መከልከልን ሳይሆን፣ ለተማሪ መሸጥን መከልከልና ለሱሰኛው የሕክምና ቦታ ማዘጋጀትን ነው።

ይህን ሐሳቤን ለእናቴ ነገርኋት። እርሷ ዩኒፎርም ለለበሰ ልጅ አትሸጥም፤ ልጁ ግን ወዲያው ወደሚቀጥለው መደብ ሲሄድ ታየዋለች። «አዋጁ ለእኔ ብቻ ከሆነ ጎረቤቴን ማብላት ነው» አለችኝ። «ለሁላችንም ከሆነ ግን፣ ልጄ፣ እኔ ምን ቸገረኝ? ደግሞስ ያን ጊዜ ወንድምሽ ሲገዛ የእኔን መደብ ዘልሎ የሄደው ወደማን ነበር?»