ገበሬው አዲስ ዘር የሚቀበለው መቼ ነው? ከቁንጮ ጤፍ እንማር

ዛሬ ከዋጋ ዝርዝሩ በፊት አንድ ነገር ላንሳ። "የተሻሻለ ዘር ወጣ እየተባለ ገበሬው ለምን አይዘራውም?" የሚል ጥያቄ ሁሌም እሰማለሁ። መልሱን በቁንጮ ጤፍ እንየው።

1. ገበያው። ቁንጮ የሁለት ጤፎች ልጅ ነው። አንዱ ዲዜድ-01-196፣ ማኛ የምንለው፣ ነጭና ተፈላጊ ነው፤ ምርቱ ግን አነስ ይላል። ሌላው ዲዜድ-01-974 ጥሩ ምርት ይሰጣል፤ ንጣቱ ግን ገዢ አያረካም። ገበሬው ታዲያ ምርቱ እያነሰም ማኛውን ይመርጥ ነበር። ሒሳቡን ያውቃላ! ጤፍ የሚሸጠው በኩንታል ብቻ ሳይሆን በንጣትም ነው።

2. ምርምሩ። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ሁለቱን አዳቅለው ቁንጮን እ.ኤ.አ. በ2006 አወጡ። ምርትም ንጣትም በአንድ ዘር ተገኘ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። የጤፍ አበባ በጣም ትንሽ ናት፤ የምትከፈተውም ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ ነው። ዶክተር ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን እስኪደርሱበት ድረስ ጤፍን በእጅ ማዳቀል አልተቻለም ነበር። ከዚያ እስከ ቁንጮ 32 ዓመት ነው። በየዓመቱ ውጤት የሚጠይቅ በጀት እንዲህ ያለ ዘር አያወጣም።

3. የዘር መንገዱ። ቁንጮ ሲሰራጭ ዘሩ ለገበሬዎች በብድር ይሰጥ ነበር። ምርት ሲሰበሰብ ዘሩን በዘር ይመልሳሉ፣ የተመለሰው ለሌላ ገበሬ ያልፋል።

እንግዲህ ፖሊሲ ስንል እነዚህን ሦስቱን ማለታችን ነው፦ ትዕግሥት ያለው የምርምር በጀት፣ በጊዜው የሚደርስ ዘር፣ ጥራትን ለይቶ የሚከፍል ገበያ። አንዱ ከጎደለ ዘሩ መጋዘን ይቀራል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በዋናነት የመንግሥት ሥራ ናቸው። ሦስተኛው ግን የእኛ ነው። ነጩንና ሰርገኛውን በአንድ ዋጋ ተቀብለን አንድ ላይ ከከመርን፣ ለሚቀጥለው ዓመት ገበሬው ለጥራት የሚለፋበት ምክንያት የለውም። ሰሊጥና ቡናም ያው ነው። ላኪው ውጭ ያገኘው የጥራት ጭማሪ ገበሬው እጅ ካልደረሰ፣ "ጥራት ወረደ" ብሎ ማማረር ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ዩኒየኖች፣ ዘንድሮ ግዢ ከመጀመራችሁ በፊት የየደረጃውን ዋጋ ለይታችሁ ለአባላት ንገሩ። ነጋዴዎችም ስትገዙ ልዩነቱን በግልጽ ክፈሉ። ገበሬው የሚቀጥለውን ዘር የሚመርጠው ዛሬ ከምንከፍለው ዋጋ ተነስቶ ነው።

መልካም ገበያ!