የኦፕራሲዮን ዋጋ ተቀነሰ፤ ሐኪሙ ምን ይበጀዋል?

በአሜሪካ የቀዶ ጥገና ስፔሻሊስት ድሮ ሂሳቡን ይልካል፣ ኢንሹራንሱም ብዙ ሳይጠይቅ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1973 በፕሬዚዳንት ኒክሰን ዘመን ኤች.ኤም.ኦ. የተባሉትን የጤና ድርጅቶች የሚያበረታታ ሕግ ከወጣ ወዲህ ግን ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። "ማኔጅድ ኬር" በሚባለው በዚህ አሠራር የትኛው ሐኪም ዘንድ እንደሚኬድ፣ ኦፕራሲዮኑ ማስፈለጉንና ዋጋውን አስቀድሞ የሚቆጣጠረው ከፋዩ ነው። ለሐኪሙ የሚያቀርበውም ጥያቄ አንድ ነው፦ ዋጋ ቀንስ፣ በሽተኛ እንልክልሃለን።

ብዙዎች ይፈርማሉ። ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ለአንድ ኦፕራሲዮን 1,000 ዶላር የሚያስከፍል ሐኪም 600 ዶላር ወጪ ቢኖርበት 400 ይተርፈዋል። 20 በመቶ ሲቀንስ የሚተርፈው 200 ነው። ቅናሹ አንድ አምስተኛ ሆኖ ሳለ ትርፉ በግማሽ ወረደ። እንደ ቤት ኪራይ ያለው ቋሚ ወጪ ጫናውን ትንሽ ቢያቀለውም፣ የቀድሞውን ገቢ ለመመለስ እጥፍ ገደማ መሥራት ሊኖርበት ነው። እጥፍ በሽተኛ ደግሞ ከገበያ አይሸመትም።

ተሰባስበን ዋጋ እንወስን ማለትም አያዋጣም። የአሪዞና ማሪኮፓ ካውንቲ ሐኪሞች ይህንኑ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕገወጥ ብሎታል። የወሰንነው ጣሪያውን ብቻ ነው ማለታቸው አላዳናቸውም። በአንድ ድርጅት ተጣምረው ትርፍና ኪሳራ የሚጋሩ ግን በአንድ ዋጋ መቅረብ ይችላሉ።

የተሻለውን መንገድ ያሳዩት የሂዩስተኑ የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪም ዶክተር ዴንተን ኩሊ ይመስሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1984 የሐኪሙንና የሆስፒታሉን ሂሳብ ጠቅልለው በአንድ ዋጋ ለከፋዮች አቀረቡ። የፔንስልቬንያው ጋይሲንገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ከልብ ባይፓስ ኦፕራሲዮን በኋላ በ90 ቀናት ውስጥ የሚከሰት ተያያዥ ችግር ሕክምናን ጭምር በዚያው ዋጋ ውስጥ አስገባ። የመኪና ጋራንቲ እንደማለት ነው። እንዲህ ያለው ሻጭ የሚወዳደረው በቅናሽ ሳይሆን በሥራው ጥራት ነው።

ጋራንቲው ግን ዕዳም አለበት። ቁስሉ ቢያመረቅዝ ወጪው የሻጩ ነው። ስለዚህ ከበሽተኞቹ ስንቱ ተመልሶ ሆስፒታል እንደገባ በቁጥር የማያውቅ ሐኪም ባይፈርም ይሻለዋል። የሚያውቀውም ቢሆን ውሉ ለስኳር በሽተኛውና ለአቅመ ደካማው የተለየ ዋጋ መያዙን ማየት አለበት። ዋጋው ለሁሉም አንድ ከሆነ፣ ከባዱን በሽተኛ ወደ ሌላ ሐኪም መላክ የሚያተርፍ ሥራ ይሆናል።